ጨረቃ ላይ የተጣሉት ሁለት ሴቶች

ሊይዙኝ የመጡ ዕለት ቡታጅራ ሱቄ ውስጥ የአንድ ደንበኛ ወረቀት ፎቶ ኮፒ እያነሳሁ ነበር። ሁለት ናቸው፤ አንዱ የፖሊስ ልብስ የለበሰ፣ አንዱ ሲቪል። ሲቪሉ ስልኩን ወደ እኔ አዙሮ፣ «ይሄ የቴሌግራም ቻናል ያንቺ ነው?» አለኝ። የኔ ነው አልኩ። «እንሂድ» አለ። ማሽኑ ገና እየሠራ ስለነበር ደንበኛዬን አየሁት፤ እሱ ግድግዳውን አየ። «ጨርሺለትና እንሄዳለን» አለ ሲቪሉ በትሕትና። ጨረስኩለት። ደንበኛዬ ወረቀቱን አጣጥፎ ቻው እንኳን ሳይለኝ ወጣ። አልፈረድኩበትም። ያን ሰሞን ሱቅ የዘጋ ለምን ዘጋህ፣ የከፈተ ለምን ከፈትክ የሚባልበት ጊዜ ነበር፤ ሰው ጎረቤቱን አላውቀውም ይል ነበር።

ቻናሌ ላይ የምጽፈው የሳይንስ ልብ ወለድ ነው። ኢትዮጵያውያን ጨረቃ ላይ ሄደው ከተማ ይመሠርታሉ፤ በመስታወት ጣራ ሥር ይኖራሉ፤ ይጋባሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። በቃ ይኼው ነው ወንጀሌ። መርማሪው አንዱን ክፍል አሳትሞ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦታል፤ ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ አስምሮበታል።

«እነዚህ ጨረቃ ላይ ያሉት ሰዎች ራሳቸውን እንዲያስተዳድሩ ማን ፈቀደላቸው?» አለኝ።

«ማንም። ልብ ወለድ ነው።»

«ማንም» ብሎ ጻፈ።

ወደ ሴቶቹ ክፍል ሲያስገቡኝ መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ማስነጠስ ነው። ብርሃን ስላልነበረ ሰው አላየሁም፤ ግን ከጨለማው ውስጥ ሦስት ድምፅ በአንድ ላይ «ይማርሽ!» አለኝ። ያኑራችሁ ብዬ ገና ሳልጨርስ ደግሜ አነጠስኩ። ክፍሉ በርበሬ በርበሬ ይሸታል። በኋላ ዓይኔ ሲለምድ ምክንያቷን አየኋት። ከቆሼ ከተማ የመጣች፣ ግዙፍ፣ ፊቷ የማይፈታ የበርበሬ ነጋዴ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። በርበሬ እያስፈጨች ሳለ ነው የያዟት፤ ቀሚሷ እንዳለ ድቁስ የተነሰነሰበት ነው የሚመስለው። እኛ እትዬ እንላታለን።

ከእሷ ትይዩ፣ በሌላኛው ግድግዳ፣ ከእንሴኖ የመጣች ቀጭን አሮጊት ነበረች፤ ልብስ ነጋዴ፣ ሶላቷን የማታጓድል፣ ምላሷ የማይደክም። ፖሊሶች ወንድ ልጇን ፈልገው ሲያጡት እሱ እስኪመጣ ብለው እሷን ይዘው መጡ። ገና ስገባ «እርስዎ» ብላት፣ «እዚህ ክፍል ውስጥ እርስዎ የለም፤ ቦታ ይይዛል» አለችኝ። ስለዚህ እማማ እና አንቺ ሆነ። ሦስተኛዋ የጉንችሬ ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ኢንጂነሪንግ የምትማር፣ ስልኳ ውስጥ በተገኘ ፎቶ የታሰረች።

እማማ ቀኑን ሙሉ የምታወራው አንድ ነገር ነው። ቅዳሜ የሴት ልጇ ኒካህ ነው። የመጨረሻ ልጇ ናት። ልጁ ባይገኝም ሐሙስ ትለቀቂያለሽ ብለዋታል፤ ሐሙስ ወጥታ፣ ዓርብ ልጇን ሂና አስራ፣ ቅዳሜ ልትድራት ነው። «እኔ ካልመረቅኳት ማን ይመርቃታል? አባቷ የለ» ትላለች። በየሶላቱ መጨረሻ ሐሙስን ትለምን ነበር።

እማማና እትዬ አይነጋገሩም። በቆሼና በእንሴኖ በኩል በወሰን የተነሳ የደረሰውን ሐዘን የአገሬው ሰው ያውቀዋል፤ እኔ እዚህ አልዘረዝረውም። ሁለቱም ከየቤታቸው ያጡት ሰው ነበራቸው። እማማ ጆግ ስትፈልግ ለተማሪዋ፣ «ያቺን ሴትዮ ውሃውን አቀብዪ በያት» ትላለች። እትዬም ጆጉን ለተማሪዋ ሰጥታ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ተማሪዋ «እኔ እዚህ አስተርጓሚ ሆኜ ተቀጠርኩ እንዴ!» ትል ነበር።

በማግስቱ ተማሪዋ፣ «አንቺስ ምን አድርገሽ ነው?» አለችኝ።

«ጨረቃ ላይ ከተማ ሠርቼ።»

እማማ ሳቀች። ሳቋ ሲያባራ፣ «እስቲ ንገሪን፤ ከዚህ የሚሻል ቦታ ከሆነ» አለች።

ነገርኳቸው። ከምሳ በኋላ፣ ከላይ ካለችው ትንሽ መስኮት ብርሃን ወለሉ ላይ በሚያርፍበት ሰዓት፣ ልክ ቻናሌ ላይ እንደምጽፈው በክፍል በክፍል እየከፈልኩ እተርክላቸዋለሁ። እትዬ ፊቷን አዙራ ነው የምትሰማው፤ ግን መስማቷ ከጀርባዋ ያስታውቃል።

እማማ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ጥያቄ እስከ ዛሬ ያመኛል። «እዚያም የምንሄደው ቤት ሠራተኛ ሆነን ነው?»

«አይደለም እማማ። ባለቤት ሆነን ነው። መንኮራኩሩም የኛ ነው።»

«የኛ? ማሻአላህ! ማን ሠራው?»

«ይቺ» አልኩና ተማሪዋን አሳየኋት። ተማሪዋ ተጋድማ ነበር፤ ተነስታ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። እስክትፈታ ድረስ ማንም ስለ መንኮራኩሩ ሲጠይቅ መልስ የምትሰጠው እሷ ሆነች፤ ለእኔ ለደራሲዋ እንኳን አልፈቀደችም።

ለምን ይሄን እንደምጽፍ ያኔ ገባኝ። አገሬ የመጀመሪያዋን ሳተላይት ያመጠቀች ዕለት ሱቄ ውስጥ በስልኬ እያየሁ አልቅሻለሁ። አንዱ ደንበኛ «ዳቦ ሳይኖረን» ብሎ አሾፈ፤ ማሽኑ ተበላሽቷል ብዬ መለስኩት። አልተበላሸም ነበር። ዳቦውንም እፈልጋለሁ፣ ሰማዩንም እፈልጋለሁ፤ አንዱን ምረጪ የሚለኝ ሰው ያናድደኛል።

ጥያቄው ማለቂያ አልነበረውም። ተማሪዋ ጨረቃ ላይ የሰው ክብደት ወደ አንድ ስድስተኛ እንደሚቀንስ ስትነግራት እማማ ጉልበቷን ይዛ፣ «ወላሂ? ስሰግድ ይሄ ጉልበቴ አይጮህም በይኛ!» አለች። «ቂብላስ በየት በኩል ነው?» ስትል ደግሞ ተማሪዋ ትንሽ አሰበችና፣ «መካ ያለችው መሬት ላይ አይደል፤ መሬትን ወደምታይበት ዞረሽ ትሰግጃለሽ» አለቻት። እማማ ይሄን ሰምታ ወደ ትንሿ መስኮት ቀና አለች። ከዚያ «ሁላችንም ወደ አገራችን ዞረን፤ ጥሩ ነው» አለች።

አየር በቧንቧ እንደሚመጣ ስናገር ከግድግዳው በኩል የእትዬ ድምፅ ተሰማ። ለማንም አይደለም፣ ለግድግዳው ነው የተናገረችው።

«አየሩም እንደ መብራት በፈረቃ ነው?»

«ፈረቃ የለም» አልኩ።

«እንግዲያው እውነትም ሌላ አገር ነው» አለች ለግድግዳው።

በጣም የፈራሁት ጥያቄ የመጣው ከተማሪዋ ነው። «ባንዲራውስ? የትኛውን ነው የምንተክለው?» አራት ሴት ታስረን ሳለ የባንዲራ ነገር መነሳቱ ደስ አላለኝም። ብቻ፣ «ጨረቃ ላይ ነፋስ የለም፤ ባንዲራ አይውለበለብም» አልኩ።

«በቃ ተገላገልን» አለች እማማ። «ካልተውለበለበ ተጣጥፎ ይቆማላ። መሃሉ ላይ ምን አለ፣ ምን የለም፣ ማን ያየዋል?» በሳቅ ሞትን። እትዬ ጀርባዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ እየሳቀች ነበር።

ረቡዕ ዕለት ከተማዋን ወለሉ ላይ ለመሳል ወሰንን። ተማሪዋ በሹሩባዋ ውስጥ የደበቀቻትን የኩል እርሳስ አወጣች። ፍራሾቹን ወደ ግድግዳ ገፋናቸው። እኔ የመጀመሪያውን ቤት ልሥል ስል እማማ እጄን ያዘችኝ።

«ቤት በኋላ ነው። ጀፎረው የታል?»

ጀፎረ ለማያውቅ ልንገር። በጉራጌ መንደር ቤቶቹ ፊት ለፊት ተያይተው ሲሰለፉ መሃላቸው የሚዘረጋው ሰፊ የሣር መስክ ነው። ሰርጉም፣ ለቅሶውም፣ ሽምግልናውም፣ የፈረስ ጉግሱም እዚያ ነው። የማንም አይደለም፣ የሁሉም ነው። አጥሩን አንድ ክንድ ወደ ጀፎረ የገፋ ሰው በመንደሩ ፊት አፍሮ ይመልሳል። እኔ ወልቂጤ ከተማ ተወልጄ ያደግሁ ሆኜ ነው መሰለኝ፣ ያን ሁሉ ክፍል ስጽፍ ጀፎረ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ቤት ደርድሬያለሁ፣ መተላለፊያ ቆፍሬያለሁ፤ ሰው ግን የሚሰበሰብበት ቦታ አልነበረውም። እማማ እርሳሱን ተቀብላ ከክፍሉ በር እስከ መጨረሻው ግድግዳ ሁለት መስመር አሰመረች፤ ሰፊ አድርጋ።

«አሁን ቤታችሁን ሥሩ» አለች።

ሠራን። ተማሪዋ ከዳር መንኮራኩር ማረፊያ አደረገች። እኔ ሱቄን ሠራሁ፤ ጨረቃ ላይም ፎቶ ኮፒ አይቀርም። እማማ ቤቷን አድርጋ ከኋላው እንሰት ተከለች፤ «ጉድጓድ ውስጥ ዓመት ቢቆይ የማይበላሽ ምግብ እያለ ሌላ ምን ይዘን እንሄዳለን?» አለች። ወዲያው ደግሞ ቀና ብላ፣ «ማነው ግን የሚፍቀው?» አለች። ማሽን ይፍቀዋል አለች ተማሪዋ። እማማ ይሄንንም አልሐምዱሊላህ ብላ ተቀበለች፤ ከመንኮራኩሩ ይልቅ ያመሰገነችው ለእንሰት መፋቂያው ነው።

ይሄኔ እትዬ ዞረች። እንዴት እንደመጣች አላየሁም፤ ብቻ መሃላችን ተንበርክካ እርሳሱን ከተማሪዋ እጅ ወስዳ ነበር። «በርበሬ የሌለበት አገር ሰው አይኖርም» አለችና ከእማማ ቤት ፊት ለፊት ቤቷን ሠራች። ከቤቷ ፊት የበርበሬ ማስጫ አደረገች። ትልቅ ማስጫ። እጇም እንደ ሰውነቷ ነው፣ መስመሩ ተዘረጋ፣ ተዘረጋና የእማማን መስመር አልፎ ጀፎረው መሃል ገባ።

እማማ መስመሩን በዓይኗ ተከተለችው። ከዚያ ግን፦

«አንቺ! ጀፎረ ገፋሽ!»

ክፍሉ ውስጥ ከገባን ጀምሮ ለእትዬ በቀጥታ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነው።

«ምን ገፋሁ! እኛ ቆላ ሜዳው ሞልቷል፤ ማን ሜዳ በክንድ ይለካል?»

«ይሄ ቆላ አይደለም! ጨረቃ ነው! ወሰንሽን እወቂ!»

«ወሰኔን አውቃለሁ! ፀሐይ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ በርበሬዬን ጨለማ ላሰጣልሽ ነው?»

«በማስጫሽ ላይ ነው የልጄ ሙሽራ የሚያልፈው? እያስነጠሰ?»

ጩኸታቸው ክፍሉን አናወጠው። እኔና ተማሪዋ ልንገላግል ስንል ሳቃችን አላስቻለንም። ውጭ ያለችው ጠባቂ ፖሊስ ግን የሰማችው የእንሴኖዋና የቆሼዋ ሴት በወሰን ሲጯጯሁ ነው። ምን ታድርግ? ሮጣ መርማሪውን ጠራች።

በሩ ተከፈተ። መርማሪው ገባና መሃል ቆመ፤ ጫማው የኩሉ ሥዕል ላይ ነው።

«ጀፎረው ላይ ነው የቆሙት» አለችው ተማሪዋ።

ሰውየው እግሩን አነሳ። ሳያስበው ነው ያነሳው፤ ልጅ ሆኖ እናቱ የቆጣችው ሰው አነሳስ ነው። ወዲያው አፈረና መልሶ አስቀመጠው። ወለሉን አየ፣ ሁለቱን ሴቶች አየ። ምን እንዳሰበ በፊቱ ላይ ይነበብ ነበር፤ ከጨረቃው ይልቅ የሚጠቅመው ነገር አገኘ።

«እማማ» አለ፣ «ነገ እንደሚወጡ ነግሬዎታለሁ። ቅዳሜ ሰርግ እንዳለዎትም አውቃለሁ። ይቺ ሴት በወሰን ጉዳይ ዝታብዎታለች፣ አይደለም? ቃልዎን ይስጡ፣ ይፈርሙ፣ ዛሬውኑ ቤትዎ ነዎት። እሷ ትጠየቅበታለች። ካልሆነ ሁለታችሁም በጠብ ትጠየቃላችሁ፤ ቅዳሜም እዚሁ ነዎት።»

እትዬ ወለሉን ነው የምታየው። ለራሷ መከራከር እንኳን አልሞከረችም፤ እንደሚሆን የጠበቀችው ነገር የሆነ ይመስል ነበር። እኔ ልቤ ለሁለት ተከፈለ፤ ሂጂ ልጅሽን መርቂ ልላት ፈልጌያለሁ፣ አትፈርሚም ልላትም ፈልጌያለሁ።

እማማ ሻሿን አስተካከለች።

«ልጄ፣ አልዋሽህም። ተጣልተናል» አለች። «ግን እዚህ አይደለም። እዚህማ እኔና እሷ አንድ ቃል ተነጋግረን አናውቅም፤ ልጆቹን ጠይቃቸው።»

«ታዲያ የት ነው የተጣላችሁት?»

«ጨረቃ ላይ። እሱ ደግሞ ያንተ ወረዳ አይደለም።»

በሩ ላይ የቆመችው ጠባቂ አፏን በእጇ ያዘች። መርማሪው ወደ እትዬ ዞረ። «አንቺስ?»

እትዬ ጣቷን በምራቋ አርሳ ወለሉ ላይ ጎንበስ አለች፤ ጀፎረው ውስጥ የገባውን መስመሯን ቀስ ብላ አጠፋችው። «እሷ ያለችው ነው። ማስጫዬን አንስቻለሁ። ታርቀናል» አለች።

«ቅዳሜ እዚሁ ነሽ» አላት እማማን። እርስዎው ቀርቷል። በሩን ዘግቶ ሄደ።

እማማ እስኪርቅ ጠበቀችና አለቀሰች። «ልጄን ሳልመርቃት! የመጨረሻዬን!» እያለች አለቀሰች፣ እትዬ ደግሞ ከእሷ ባሰች። «ምን አደረግሽ? ለኔ ብለሽ? እኔ ምንሽ ነኝ?» ትላታለች። «ጎረቤቴ ነሽ» አለቻት እማማ በለቅሶ መሃል፤ «ፊት ለፊት አይደል ቤታችን?» ከዚያ ጠባቂዋን ጠርታ፣ አይጠብቁኝ፣ ኒካሁ በቀኑ ይሁን ብለሽ አስነግሪልኝ አለቻት። ጠባቂዋ ዓይኗን ጠራርጋ ሄደች።

ቅዳሜ ያንን ክፍል ያየ ሰው እስር ቤት ነው አይልም ነበር። ከእንሴኖ የሰርጉ ምግብ መጣ፤ ክትፎ፣ ቆጮ፣ ለአንድ መንደር የሚበቃ። ጠባቂዋ ከሥር አንድ ነገር ሸጉጣ አስገባች፤ ሂና ነው። እትዬ በዚያ በርበሬ ባቃጠለው ግዙፍ እጇ የእማማን ቀጫጭን ጣቶች አንድ በአንድ ሂና ቀባቻት። «ቀስ በይ፣ ያቃጥለኛል» ትላለች እማማ፤ «ታጥቤያለሁ አልኩሽ!» ትላለች እትዬ። እኔ ጆግ እይዛለሁ።

ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ፣ ኒካሁ ታስሮ ይሆናል ብለን በገመትነው ሰዓት፣ እማማ ተነስታ ወደ እንሴኖ ዞረች። ጮክ ብላ መረቀቻት። ውለጂ፣ ክበጂ፣ ቤትሽ አይጉደል፣ ደጅሽ ሰው አይጣ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ አሚን አልኩ። ከዚያ ፍራሾቹን ሰብስበን ጀፎረው ላይ ጨፈርን። ተማሪዋ እልል ስትል ከግድግዳው ወዲያ ካለው የወንዶች ክፍል ጭብጨባ መጣ፤ ማን እንደሚዳር ሳያውቁ ያጨበጭባሉ። አንዱ፣ «የማን ሰርግ ነው?» ብሎ ጮኸ። «የኛ!» አለች እትዬ። በሕይወቴ ከጨፈርኩባቸው ሰርጎች ሁሉ ያን ያህል ደስ ያለኝ የለም፤ የራሴንም ጨምሬ።

በኋላ ሁላችንም ያለ ክስ ሂዱ ተባልን። ሲፈለግ የነበረው የእማማ ወንድ ልጅም በደህና ቤቱ ገባ። ተማሪዋ ተመርቃለች፤ ሥራ ገና አላገኘችም፣ መንኮራኩሩን ግን አልተወችውም። ጽሑፌንም ቀጥያለሁ፤ ጨረቃ ላይ ያሉት ሰዎቼ አሁን የሚሰበሰቡበት ቦታ አላቸው፣ ስለዚህ ብዙ ይጣላሉ፣ ብዙ ይታረቃሉ። አንድ አገር ጨረቃ ላይ መንኮራኩር አሳረፈ የተባለ ዕለት እትዬ ከቆሼ ደውላ፣ «ቀደሙን እኮ! አንቺ ምን ትሠሪያለሽ?» ብላ ተቆጣችኝ።

ባለፈው እማማ የልጅ ልጅ አይታ፣ እኔና እትዬ እንሴኖ ልንጠይቃት ሄድን። እትዬ በርበሬ ይዛ ነው የሄደችው፤ ለአራስ ቤት በርበሬ! ቤቱ በእንግዳ ሞልቷል፤ የሰርጉ ቪዲዮ ተከፍቷል። አንዲት የባልየው ዘመድ ስክሪኑን ስታይ ቆይታ፣ «የሙሽሪት እናት የታለች? ያን ዕለት የት ሄዳ ነው?» አለች።

አራሷ ሕፃኑን እያጠባች፣ «እናቴ በኔ ሰርግ ቀን ጨረቃ ላይ ነበረች» አለች።

እንግዳው ሁሉ ሳቀ። እማማ አልሳቀችም። ከጎኗ የተቀመጠችውን እትዬን አየቻት፣ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ ኮራ ብላ፣ «ነበርኩ» አለች።